ከመኪናው ሆድ በታች

መኪና ሲያልፍ ሰው ቀለሙን ያያል፣ ታርጋውን ያያል፣ ውስጡ ማን እንደተቀመጠ ያያል። እኔ የማየው ሆዱን ነው። በሆዱና በመሬቱ መካከል ምን ያህል ብርሃን እንደሚያልፍ አያለሁ። አቀርቅሬ የምሄደው ዓይን አፋር ስለሆንኩ የሚመስላቸው አሉ፤ ዓይን አፋር መሆኔም ውሸት አይደለም። ይህን ልማድ ያመጣብኝ ግን አንድ ነጭ የቤት አውቶሞቢል ነው።

መኪናው የአጎቴ ነበር። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በልጅነቱ ከላስታ ወጥቶ አዲስ አበባ የከተመ፣ ከዘራችንም መኪና በመግዛት የመጀመሪያው ሰው። አባቴ ደግሞ ላሊበላ የዜማ መምህር ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከጎን የሚመጣ ሰው አይታያቸውም ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጠላቸውን መጽሐፍ ያነባሉ፤ አጠገባቸው ያለውን መቃን ግን በትከሻቸው ይመቱታል። ወልድያ ወርደው ሲመረመሩ የዓይን ግፊት ነው ተባሉ። የጠፋው እይታ አይመለስም፣ የቀረው ግን ቀዶ ሕክምና ቶሎ ከተደረገ ሊተርፍ ይችላል አሏቸው። አባቴ ይህን ሲነግሩን እንደ ሌላ ሰው ወሬ ነበር የነገሩን። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች።

አጎቴ ይህን እንደሰማ አዲስ አበባ ላይ ሲያጠያይቅ፣ ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ብቻ እንዲህ ያለውን ሕመም እንደሚያክሙ ነገሩት። አስመዘገባቸው። ተራቸው ሐሙስ ጠዋት ሆነ። በአውቶቡስ ይምጡ ቢል ኖሮ ይመጡ ነበር። እሱ ግን ወንድሜን እኔው ራሴ መጥቼ በመኪናዬ እወስዳለሁ ብሎ ላከ። በዚህ ልወቅሰው አልችልም። ዕድሜ ልኩን በሰው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጓዙን ጭኖ የተመላለሰ ሰው፣ አንድ ቀን በራሱ መኪና አገሩ ቢገባና ታላቅ ወንድሙን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ቢወጣ ማን ይጠላል?

እኔ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ወደ ቤት ስመጣ አጎቴ ጋሸና ጠብቂኝ ብሎኝ ስለነበር፣ መገንጠያው ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ በር ላይ ሻንጣዬን ይዤ ጠበቅኩት። ከዚያ ወደ ላሊበላ አብረን ወረድን። የመኪናን ሆድ ማየት የጀመርኩት በዚያ ጉዞ ነው።

መንገዱ ጠጠር ነው። ክረምት ላይ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች በጭቃው ውስጥ ሲመላለሱ ጎማቸው ሁለት ቦይ ይቆፍራል፤ በጋው ደግሞ ያንን ቦይ አድርቆ እንደ ሸክላ ያጠነክረዋል። በሁለቱ ቦዮች መካከል የሚቀረው አፈር እንደ በሬ ጀርባ ጉብ ብሎ ይቆማል፤ ውስጡ ድንጋይ አለበት። ለጭነት መኪና ይህ ምንም አይደለም። ሆዱ ከፍ ያለ ስለሆነ ጉብታውን ሳይነካ ተሻግሮት ይሄዳል። ዝቅ ያለ አውቶሞቢል ግን ጎማውን ቦዩ ውስጥ ባስገባ ቁጥር ሆዱን ለድንጋዩ ይሰጣል። አጎቴ ዘዴው አልጠፋውም። አንዱን ጎማ ጉብታው ላይ፣ ሌላውን የመንገዱ ዳር ላይ አድርጎ ጋደል እያለ ይነዳ ነበር። ዳሩ ገደል በሆነበት ቦታ ግን ዘዴ የለም፤ ቦዩ ውስጥ መግባት ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ አጎቴ ውረጂ ይለኝና ወርጄ በእግሬ እከተለው ነበር። እኔ ስወርድ መኪናው ሲነሳ በዓይኔ አየሁ። ብዙ አይደለም፣ ሁለት ጣት አይሞላም። ግን ሁለት ጣቱ ይበቃ ነበር። አንድ ጊዜ ሲቆም ጎንበስ ብዬ እጄን ከሥሩ ዘረጋሁ፤ ስንዝሬ እንደምንም ቆሞ አለፈ። ለላሊበላ መንገድ ስንዝር ማለት ምንም ማለት አይደለም። የሚታለፈው ባዶ ስለሆንን ብቻ ነበር።

ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማው ያለው አስፋልት ነው። አጎቴ እዚያ ላይ ሲወጣ ትከሻው ወረደ። “ይሄ ለፈረንጁ ነው፤ ያኛው ለእኛ” አለኝ። ውሸት አልነበረም። በየምርጫው ሰሞን የወረዳው ሰዎች ሕዝቡን እየሰበሰቡ ከጋሸና የሚመጣው መንገድ ሊሠራ ነው ይሉን ነበር። ሕዝቡም ያጨበጭባል። ትምህርት ቤት ሳለሁ ተሰልፈን ስለወጣን እኔም አጨብጭቤአለሁ።

የጉዟችን ቀን፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ መኪናው በራችን ላይ ቆመ። በእኛ አገር ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ባዶውን አይመለስም። ድሮ አጎቴ በአውቶቡስ ሲሄድ የሚሰጠው ስጦታ ልክ ነበረው፤ ተሸክሞ መናኸሪያ ሊያደርስ የሚችለውን ያህል ነው። አሁን ግን የራሳችን መኪና አለ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚለው፣ የራሳችን መኪና። ጎረቤት ሽሮና ባቄላ ይዞ መጣ። የአባቴ ደቀ መዛሙርት ነጭ ማር በባልዲ አመጡ። ከቤተ ክርስቲያን ለአጎቴ ሚስት ተብሎ ትልቅ ጀሪካን ሙሉ ጠበል መጣ። እናቴ አንድ ሙክት አሳሰረች። ይህ ሁሉ ከኋላ ገባ፤ በጉም እግሩ ታስሮ ከማሩ አጠገብ ተኛ።

ከዚያ አክስቴ ደረሱ። አክስቴ የአባቴና የአጎቴ ታላቅ እህት ናቸው። ከሙጃ በኩል፣ በመንገድ ማደሪያ እየለመኑ፣ አህያ ነድተው ነበር የመጡት። አህያዋ ሁለት ጆንያ ገብስ ተሸክማለች። አጎቴ ጆንያዎቹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። መኪናዋ ትንሽ ናት፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን አላቸው፣ በለሆሳስ። አክስቴ መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ ዞረው አዩት።

“የኔ አህያ ከዚች ታንሳለች፤ ከሙጃ ስትመጣ አንድ ቀን አልተነጫነጨችም” አሉ።

በር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎቴም ሳቀ፣ ግን ጆሮው ቀላ። አክስቴ ቀጠሉ፤ የአዲስ አበባ ገብስ በሶው አፈር አፈር ይላል ይባላል፣ የልጆችህ እናት እስቲ የአገርህን ትቅመስ አሉት። ከዚህ በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። አንዱ ጆንያ ከበጉ አጠገብ ተጠቀጠቀ፤ ሁለተኛው የኋላ ወንበር ላይ፣ እኔ ከምቀመጥበት ጎን ተጋደመ።

እኔ ቀረብ ብዬ ጎማውን አየሁት። ከላይ ያለው ቆርቆሮ ጎማውን ሊውጠው ደርሷል። የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩና እጄን ከሥሩ ዘረጋሁ። ስንዝሬ አልቆመም። እጄ የገባው ተጋድሞ ነው፤ አንድ ጋት፣ የአራት ጣት ስፋት ብቻ ቀርቷል። አባቴም አጎቴም እኔም ገና አልተሳፈርንም።

ለአጎቴ በጆሮው ነገርኩት። እሱ በሰው ፊት ደፈርሽኝ ያለ ይመስል ጮክ ብሎ መለሰ።

“አንቺ ጂኦግራፊ አይደለም እንዴ የምትማሪው? መካኒክ መሆንሽን ማን ነገረሽ?”

እንደገና ተሳቀ። እኔ ወደ ኋላ ሄጄ ከጆንያው አጠገብ ተቀመጥኩ። እናቴ በመስኮቱ በኩል የአባቴን ጋቢ አስተካክላ፣ እጃቸውን አትልቀቂ አለችኝ። አክስቴ ሲመርቁ አህያዋን በገመድ ይዘው ነበር።

አስፋልቱ ላይ ደህና ሄድን። አጎቴ ሬዲዮ ከፈተ። አባቴ ፊት ወንበር ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ስለሚታያቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ዛፍ ሲያዩ ዛፍ ይላሉ፣ በሬ ሲያዩ በሬ ይላሉ። አስፋልቱ ሲያልቅ ከጠጠሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሆዱ አንድ ጊዜ ተመታ። አጎቴ ሬዲዮውን ዘጋው።

ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ተመታ፤ ይኸኛው ከእግራችን ሥር ገፍቶ ያነሳን ያህል ነበር። አጎቴ አቁሞ ኮቱን እንደለበሰ አፈር ላይ ተጋደመና ከሥር አየ። ሲነሳ ኮቱም ፀጉሩም አቧራ ሆኗል። የጭስ ማውጫው ተጨርምቷል፣ ሌላው ለጊዜው ደህና ነው አለ። ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ገበሬ ክምሩ አጠገብ ቆሞ ያየን ነበር። አጎቴ ሄዶ አነጋገረው። ገበሬው በደስታ ነው፣ ጭነታችሁን ቤቴ አስቀምጡ፣ ስትመለሱ ታገኙታላችሁ አለ። አጎቴ ተመልሶ ወደ አባቴ መስኮት ቀረበ።

“አያ፣ ጆንያዎቹን እዚህ ሰውዬ ቤት አውርደን እንሂድ” አላቸው።

“የማን ጆንያ?”

“የእትዬን።”

ይህ ለአባቴ ምን ማለት እንደሆነ አጎቴም እኔም እናውቀዋለን። በክፉው ዘመን አባቴ የአብነት ተማሪ ሆነው በየደጁ ሲንከራተቱ፣ አክስቴ ከልጆቻቸው አፍ ነጥለው ጥሬ ይልኩላቸው እንደነበር ቤታችን ውስጥ ተደጋግሞ ይነገራል። ያ ጥሬ ስለጎደለ ከአክስቴ ልጆች አንዱ በረሃብ ሞተ ሲባልም ሰምቻለሁ፤ እውነቱን ግን ጠይቄ አላውቅም።

“እሷ ከሙጃ በአህያ አምጥታ፣ አንተ በመኪና ከላሊበላ ወጣ እንዳልክ ሰው ደጅ ጣልከው?” አሉ አባቴ። “ይሄ ነገ ገበያ ላይ አይወራም?”

“አያ፣ የሚበልጠው ዓይንዎ ነው።”

“ዓይኔ የኔ ነው። ገብሱ የሷ ነው።”

ያን ጊዜ እኔ ተናገርኩ። በሕይወቴ አባቴ የወሰኑትን ነገር ስቃወም የመጀመሪያዬ ነበር። “አባዬ፣ ይውረድ። ዳገቱ ላይ ቦዩ ይብሳል፤ ሆዱ ከተሰበረ አንደርስም” አልኳቸው። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የሚያስቸግረው ክብደት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው።

“እንግዲያው እኔ እወርዳለሁ” አሉና በሩን ከፈቱ።

አጎቴ ለመናቸው። በጉን ላውርድ አላቸው፤ የምሽቴ በግ ስለሆነ እሱስ ይውረድ አሉና በጉ ገበሬው ጋ ቀረ። ስለ ጠበሉ ማንም ትንፍሽ አላለም። ስለ ገብሱ ግን አባቴ ወይ ፍንክች። መቋሚያቸውን ከመኪናው አውጥተው ቆሙ። እኔም ወረድኩ። አጎቴ ዳገቱ ጫፍ ላይ እጠብቃችኋለሁ ብሎ፣ ሁለት ጆንያ ገብስ አሳፍሮ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይናቸውን ሊታከሙ የተነሱ ሰው በጠጠር ዳገት በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ገብሱ በመኪና ይሄዳል። ይህን ሳስበው ዛሬም ጥርሴን ያፋጨኛል። ያን ጊዜ ግን ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም፤ ክንዳቸውን ይዤ የሚረግጡትን እመርጥላቸው ነበር። ከጎናቸው ያለው ቦይ ስለማይታያቸው እግራቸው እየገባ ይደናቀፉ ነበር።

መኪናው ከመታጠፊያው ጀርባ ከተሰወረ በኋላ ድምፁን ቀድመው የሰሙት እሳቸው ናቸው። እንደ መጥረቢያ ያለ አንድ ምት ነበር። ቆሙ። ሞተሩ ግን አልቆመም፤ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ይሰማል። ደህና ነው መሰለኝ አሉና መሄድ ጀመሩ።

መታጠፊያውን ስንዞር አየሁት። በሁለቱ ቦዮች መካከል፣ ጉብታው ላይ፣ አንድ ድንጋይ አናቱ በአዲስ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ከዚያ ድንጋይ ጀምሮ አቧራው ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ወደ ላይ ይሄዳል። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ከዚያ ወፈረ። ተጣራሁ። አጎቴ በዚያ ርቀት አይሰማኝም። አባቴን ትቼ ልሮጥ አልችልም፤ ከጎናቸው ገደል ነው። መስመሩን እየተከተልን ወጣን፤ እኔ እያየሁት፣ እሳቸው ሳያዩት።

“ምን ይሸታል?” አሉኝ።

“ዘይት ነው።”

“ከየት?”

“ከመኪናው።”

እርምጃቸውን አፈጠኑ፤ እንደዚያ ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም። ብዙ ጊዜ ተደናቀፉ፣ አንድ ጊዜም በጉልበታቸው ወደቁ። ሳነሳቸው ነጠላቸውን ዘይት ነክቶታል።

አጎቴን ከጫፉ ሳይደርስ ነበር ያገኘነው። የሞተሩ ክዳን ተከፍቷል፣ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የሞተሩ ዘይት የሚቀመጥበት፣ መካኒኮች ኮፓ የሚሉት፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ነገር ነው፤ የተሰነጠቀው እሱ ነው። ዘይቱ ፈሶ ሲያልቅ ሞተሩ ደርቆ ነከሰ፤ መዞሩን አቆመ። አጎቴ ቀይ መብራት በርቶ እንደነበር ነገረኝ። ዳገት ላይ ላለመቆም ብዬ፣ ጫፉ ላይ አየዋለሁ ብዬ ነው አለኝ። ይህን ሲል የሚያየው መሬቱን ነበር። የኋላ ወንበር ላይ ጆንያው እንደተጋደመ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ደርሶ በገመድ ጎትቶ ጋሸና አደረሰን። ሾፌሩ ያንኑ ምሽት ጉዞውን ወደ አዲስ አበባ የሚቀጥል ነው። ጋቢናው ሙሉ ነበር፤ ሁለት ታማሚ ሴቶች ተቀምጠዋል። ሽማግሌውን የማስቀምጥበት የለኝም፣ ከላይ ደግሞ ብርዱ ይገድላቸዋል አለ። ደግ ሰው ስለነበር ግን ቢያንስ ዕቃችሁን ላድርስላችሁ አለን። አጎቴ አድራሻውን ነገረው። ማሩም፣ ሽሮውም፣ ጠበሉም፣ ሁለቱም ጆንያዎች የጭነት መኪናው ላይ ተጫኑ።

እኛ ጋሸና አደርን። በማግስቱ ከፍላቂት በኩል የሚመጡት ሚኒባሶች ገበያተኛ ጭነው ያልፋሉ፤ ከጎንደር የሚመጡት አውቶቡሶች እጃችንን አይተው ፍጥነት እንኳን አይቀንሱም። አጎቴ መንገዱ መሃል እየቆመ ለመነ። አባቴ ምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ዘይት የነካውን የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ያሻሉ። ወደ ማታ ላይ ወልድያ የሚያወርደን ተገኘ። ሐሙስ ጠዋት የአባቴ ስም ሲጠራ እኛ ገና ደሴም አልደረስንም።

አዲስ አበባ አጎቴ ቤት ስንገባ ገብሱ ቀድሞን ደርሷል። ለበሶ ታጥቦ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። የአጎቴ ሚስት ምን እንደሆንን አታውቅም፤ እንዴት ያለ ገብስ ነው ብላ ከእፍኟ አሳየችኝ። እውነትም ፍሬው ሙሉ ነበር።

ሐኪሞቹ ጨርሰው ሊሄዱ ሻንጣቸውን እየዘጉ ነበር። በአባቴ ምትክ ሌላ ሰው ገብቷል፤ ወረፋ የሚጠብቅ ብዙ ስለሆነ ያ ትክክል ነው። ሌላ ቀጠሮ ተሰጣቸው፣ ከክረምቱ በኋላ። ቀጠሮው እስኪደርስ አባቴ ላሊበላ ተመለሱ፤ በአውቶቡስ። ሲደርስ ሄደው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ቀኙ አልቋል ተባሉ፤ ግራውም የቀረው ትንሽ ነው፣ እንሞክራለን አሏቸው። ሞከሩ። ከዚያ በኋላ የነበረው ጭላንጭል ጥቂት ቆይቶ እሱም ጠፋ።

አጎቴ መኪናውን አሠርቶ ሸጠው። ወደ አገሩ የሚመጣበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። ሲመጣም ስለዚያ ቀን ከተነሳ የሚሰድበው መንገዱን ነው፤ መንግሥትን፣ ወረዳውን፣ ለፈረንጅ የተነጠፈውን አስፋልት። በሚለው ሁሉ እስማማለሁ። መንገዱ መንገድ ቢሆን ኖሮ ጋትም በበቃ ነበር። ጎረቤቶቻችን ደግሞ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይላሉ፤ ጀሪካኑን የተሸከሙትም፣ ሽሮውን ያመጡትም። በዚያ ማለዳ በራችን ላይ ቆሞ ከሳቀው ሰው መካከል፣ ምነው ባልጫንን ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም።

አክስቴ በዓመቱ መጥተው ነበር። የተቀበሏቸው አባቴ ናቸው። አክስቴ የጠየቁት መጀመሪያ ጤናቸውን፣ ቀጥሎ ገብሱ መድረሱን ነው። አባቴ በደህና እንደደረሰ፣ የአጎቴ ልጆችም እንደወደዱት ነገሯቸው። አክስቴ ፊታቸው በራ። ስለ ዳገቱ ማንም አልነገራቸውም፤ ቤታችን ውስጥ እንዳይነገራቸው የተከለከለ ያህል ነበር። እኔ ውኃ አቅርቤ ወጣሁ።

አባቴን በቀጥታ የጠየቅኳቸው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ብቻችንን ነበርን። ደቀ መዛሙርቱ ሄደዋል፣ እናቴ ገበያ ወጥታለች። ያን ቀን ጆንያዎቹ ቢወርዱ ኖሮ ዛሬ ያዩ ነበር፣ አይቆጭዎትም ወይ አልኳቸው። ማስቀየሜን ስለፈራሁ ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

አባቴ “ያንን ገብስ ጥዬ ብሄድ፣ ዓይኔን ይዤ በምን ፊቴ እመለስ ነበር?” አሉ።

ይህን ያሉት እኔ ቀድሞ ተቀምጬበት ወደነበረው በርጩማ ዞረው ነው። በርጩማው ባዶ ነበር። መልስ እስክሰጣቸው ወደዚያው እንደዞሩ ጠበቁኝ። ትክክል ነበሩ ብዬ ዛሬም አላምንም። በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።